ከፊርማው በፊት፦ የሽልማት ገንዘብ እጁ ለገባ ወጣት አትሌት የተዘጋጀ መመሪያ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የ23 ዓመት ሯጭ ጥቁር ፌስታል ይዛ ቢሮዬ መጣች። ፌስታሉ ውስጥ የሲሚንቶና የፌሮ ደረሰኞች፣ ሁለት የባንክ ደብተሮች፣ ከኮንትራክተር ጋር የተፈረመ ውልና የአንድ ጅምር ሕንጻ ፎቶግራፎች ነበሩ። ስድስት ዓመት ሙሉ ከአገር አገር እየተመላለሰች ያገኘችው ገንዘብ በሙሉ እዚያ ውስጥ ነበር ማለት ይቻላል። የቁርጭምጭሚት ጉዳት ስላጋጠማት ሕንጻውን ሸጣ ለመታከም አስባለች። የጠየቀችኝም "ስንት ያወጣል?" ብላ ነው።

ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ገለጥኳቸው። ካርታው በአጎቷ ስም ነው። የኮንትራክተሩን ውል የፈረመው አጎቷ ነው። አንደኛውን የባንክ ሒሳብ በውክልና የሚያንቀሳቅሰውም እሱ ነው። በእሷ ፊርማ ያገኘሁት ሰነድ አንድ ብቻ ነበር፤ አጎቷ ለመለዋወጫ ሱቁ ለወሰደው የባንክ ብድር ዋስ የሆነችበት ወረቀት።

"ፈርሚ ሲሉኝ ፈረምኩ" አለችኝ።

አጎቷ ሌባ አልነበረም። መሬቱ ሲገዛ እሷ 17 ዓመቷ ነበር፤ መፈረም አትችልም ነበርና እሱ ፈረመ። 18 ከሞላት በኋላ ስሙን የማዛወር ነገር ማንም ትዝ አላለውም። በኋላ ሳይቱን ሄጄ አይቼዋለሁ። ከአራተኛው ወለል በላይ የወጣው ፌሮ ዝጓል። ምድር ቤቱ ውስጥ በላስቲክ የተሸፈነው ሲሚንቶ ከነከረጢቱ ድንጋይ ሆኗል። ዘበኛው ከነቤተሰቡ አንደኛ ፎቅ ላይ ይኖራል፤ በምሰሶዎቹ መካከል የልጆች ልብስ ተሰጥቷል።

እኔ የሒሳብ ባለሙያ ነኝ። ሰው "አትሌቱ ገንዘቡን በመኪናና በጭፈራ ጨረሰው" ሲል እሰማለሁ። ያየኋቸው ሒሳቦች ግን እንደዚያ አይሉም። መኪና ቢበዛ የአንድ ውድድር ገንዘብ ይበላል። የዓመታት ላብ ሙልጭ ብሎ የሚሄደው አትሌቱ ባልተረዳው ወረቀት ላይ ባኖረው ፊርማ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው መመሪያ "ምን ልግዛ?" ለሚለው ጥያቄ ብዙም መልስ አይሰጥም። እጃችሁ ብዕር ከመያዙ በፊት የሚሠራውን ሥራ ነው በቅደም ተከተል የሚያሳየው።

ይህ የእኛ አገር ልጆች ችግር ብቻም አይደለም። በአሜሪካን ፉትቦል ሊግ (ኤንኤፍኤል) እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2003 የተመለመሉ ተጫዋቾችን የተከታተለ አንድ ጥናት፣ ጨዋታ ባቆሙ በ12 ዓመት ውስጥ ወደ 16 በመቶ የሚሆኑት ፍርድ ቤት ቀርበው መክሰራቸውን ማሳወቃቸውን አግኝቷል። እኔን የገረመኝ ሌላው ግኝቱ ነው። ብዙ ዓመት የተጫወተውና ብዙ የተከፈለውም ከኪሳራ ብዙም አልዳነም።

1. በዜና የተነገረውን ትታችሁ እጃችሁ የሚገባውን ቁጠሩ

የቺካጎ ማራቶን አሸናፊ 100,000 ዶላር ያገኛል። የቦስተን አሸናፊ 150,000። የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ 70,000 ዶላር ያስገኛል። በፓሪስ ኦሊምፒክ ደግሞ የዓለም አትሌቲክስ ለወርቅ 50,000 ዶላር ስለከፈለ፣ ታምራት ቶላ በ2:06:26 ማራቶኑን ሲያሸንፍ ከሜዳሊያው ጋር ይህም ነበረው። ዜናው ተነግሮ ሳያልቅ ሰፈሩ ቁጥሩን በዶላር ምንዛሪ አባዝቶ ጨርሷል። ሯጩም ሳያውቀው በዚያው ቁጥር ማሰብ ይጀምራል።

በቺካጎው 100,000 ላይ አብረን እናስላ። አሜሪካ የአገሪቱ ነዋሪ ካልሆነ አትሌት 30 በመቶ ግብር ቀድማ ትቆርጣለች፤ 30,000 ሄደ። ማናጀር አብዛኛውን ጊዜ 15 በመቶ ይወስዳል፤ ግብር ከመቆረጡ በፊት ካለው ጠቅላላ ድምር ከተሰላ ደግሞ 15,000 ነው። ለአሠልጣኝ 10 በመቶ ተስማምታችሁ ከሆነ ሌላ 10,000። የቀረው 45,000 ነው። እሱም ቢሆን የዶፒንግ ምርመራው ውጤት ሳይታወቅ ስለማይለቀቅ ወራት ይወስዳል። በእነዚህ ወራት ውስጥ በመቶ ሺው ልክ ቀብድ የከፈለ ሯጭ ገና ገንዘቡ ሳይገባ ባለዕዳ ሆኗል።

ስለዚህ አንድ ደብተር ግዙና ሦስት ዓምድ አስምሩ፦ የተባለው፣ የተቆረጠው፣ የገባው። ለእያንዳንዱ ውድድር ማናጀራችሁ ጠቅላላውን፣ ግብሩን፣ ኮሚሽኑን፣ የባንክ ወጪውንና የተላከበትን ቀን የሚያሳይ የጽሑፍ መግለጫ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም። ጥሩ ማናጀር ሳትጠይቁት ይልካል።

ብዙ ልጆች የማያውቁት አንድ ነገር ልጨምር። አሜሪካ ግብር ሲቆረጥባችሁ 1042-ኤስ የሚባል ቅጽ ይሰጣችኋል። ይህን ቅጽ አትጣሉት። ለማናጀር የከፈላችሁትንና ሌሎች የሥራ ወጪዎቻችሁን አስልታችሁ 1040-ኤንአር በሚባለው ቅጽ ለአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት ብታመለክቱ ከተቆረጠው ላይ ተመላሽ ልታገኙ ትችላላችሁ። አገር ውስጥ የገቢ ግብር ሲሰላም ውጭ አገር የከፈላችሁበት ማስረጃ ይፈለጋል። የማስረጃው ዋና ቅጂ በእናንተ እጅ መሆን አለበት፤ ማናጀሩ ቢሮ ተቀምጦ አይጠቅማችሁም።

2. ገንዘቡ በገባ በስድስት ወር ውስጥ ምንም አትግዙ

ይህኛው ከሁሉም ይከብዳል፤ ምክንያቱም ተቃዋሚዎቹ እውነት አላቸው። "ብር ተቀምጦ አያውቅም" ይሏችኋል፤ ልክ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2022 የአገራችን የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ነበር፤ ባንክ ለቁጠባ ይከፍል የነበረው ዝቅተኛ ወለድ ግን 7 በመቶ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ወደ 57 ብር የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። ይህን ያየ ሰው ገንዘቡን ቶሎ ወደ ድንጋይና ብረት ለመቀየር ቢጣደፍ አይፈረድበትም።

ሆኖም ሁለቱን ኪሳራ አመዛዝኑ። ስድስት ወር የተቀመጠ ገንዘብ በክፉ ጊዜ አንድ ክፍሉን ያጣል። ተጣድፋችሁ በተሳሳተ ወረቀት ያወጣችሁት ግን እንዳለ ይሄዳል። እኔ ያየኋቸው የከፉ ውሎች አብዛኞቹ የተፈረሙት ከትልቅ ድል በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት ነው፤ ቤቱ በእንግዳ ተሞልቶ፣ ልጁ ገና የጉዞ ድካም ሳይለቀው።

በእነዚህ ወራት ገንዘቡ በእናንተ ስም ብቻ በተከፈተ ሒሳብ ይቀመጥ። ከ2016ቱ ለውጥ ወዲህ የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ ደንቦች ስለተሻሻሉ፣ በውጭ ምንዛሪ ያገኛችሁትን በዚያው ማስቀመጥ ትችሉ እንደሆነ ባንካችሁን ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። በብር ለሚቀመጠው ከተራ ቁጠባ ይልቅ በጊዜ የተገደበ ተቀማጭ የተሻለ ወለድ አለው፤ ስለ መንግሥት ግምጃ ቤት ሰነድም አብራችሁ ጠይቁ።

ለጠያቂ ሁሉ የምትመልሱት አንድ ዓረፍተ ነገር አዘጋጁ። "አስቀምጬዋለሁ፤ ከፋሲካ በፊት አልነካውም" የሚለው ይበቃል። ቀን መቁረጡ ጥሩ ነው፤ "አይሆንም" ያላችሁት ዘመድ ይቀየማል፣ "ከፋሲካ በኋላ" ያላችሁት ግን ይጠብቃል። ሐሳቡ ጥሩ ከሆነ ያኔም ጥሩ ነው። "ዛሬ ካልከፈልሽ ያመልጥሻል" የሚል ሰው ከመጣ እሱን ማሳለፍ ነው።

3. ለራሳችሁ ደመወዝ ቁረጡ

የመንግሥት ሠራተኛ ወር ጠብቆ ይቀበላል። የእናንተ ገንዘብ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዳንዴም አንድ ጊዜ በጅምላ ነው የሚመጣው። ማራቶን የምትሮጡ ከሆነ በዓመት ከሁለት በላይ ጥሩ ውድድር አይገኝም። የጫማና ትጥቅ ስፖንሰር ውል ደግሞ ብዙ ጊዜ የመቀነሻ አንቀጽ አለው፤ በጉዳት ካልተወዳደራችሁ ወይም ደረጃችሁ ከወረደ ክፍያው ይቀንሳል። ውላችሁን አውጡና ይህን አንቀጽ ፈልጉት። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ የሚያስነብብ ሰው ፈልጉ፤ ያ ሰው ግን ውሉን ያመጣላችሁ ሰው እንዳይሆን።

ከገባው ገንዘብ ላይ መጀመሪያ የሚነሳው አንድ ዓመት ሙሉ ባትሮጡ የሚያኖራችሁ ነው፦ የቤት ኪራይ፣ ምግብ፣ ማሳጅና ሕክምና፣ ወደ ሰንዳፋና ሱሉልታ ለልምምድ የምትመላለሱበት ትራንስፖርት። ይህን በሌላ ሒሳብ አስቀምጡና በየወሩ ልክ እንደ ደመወዝ ቁርጥ ያለ ገንዘብ ወደ መደበኛ ሒሳባችሁ እንዲተላለፍ ባንኩን እዘዙ። ያቺ የፌስታሏ ልጅ ይህ ሒሳብ ቢኖራት ኖሮ ለሕክምና ብላ ሕንጻ መሸጥ አያስፈልጋትም ነበር።

4. ለቤተሰብ ስትሰጡ ሦስቱን ቃላት አትቀላቅሉ

እናትና አባትን መጦር፣ ወንድም እህትን ማስተማር የሚያኮራ ነገር ነው። ይህን እንዳታደርጉ የሚመክር ሰው አገሩን አያውቅም። ችግሩ የሚፈጠረው የምንሰጠው ነገር ስሙ ሳይነገር ሲቀር ነው። ስጦታ ነው? ብድር ነው? ወይስ ሽርክና? እናንተ ሽርክና ብላችሁ የሰጣችሁትን ተቀባዩ ስጦታ ነው ብሎ ከያዘው፣ ከአምስት ዓመት በኋላ በሽማግሌ ፊት የምትከራከሩት በቃላት ላይ ብቻ ይሆናል፤ ወረቀት የለማ።

ለወንድማችሁ ባጃጅ ስትገዙለት "ይህ ስጦታዬ ነው፣ በስምህ አውጣው፣ አልጠይቅህም" በሉትና በቃ እርሱት። ብድር ከሆነ በአንድ ገጽ ወረቀት መጠኑና የሚመለስበት ቀን ተጽፎ፣ ሁለት ምስክር ፈርሞበት ይቀመጥ። ሽርክና ከሆነ ወደ ስድስተኛው ደረጃ ሂዱ። በየዓመቱ ለቤተሰብ የምታወጡትን ጣሪያ ወስኑና ለአንድ የተከበረ የቤተሰብ ሰው ንገሩት። ታላቅ እህት ወይም አክስት ለዚህ ጥሩ ናቸው። ጥያቄው ሁሉ በእሷ በኩል እንዲመጣ ከሆነ እናንተ ልምምዳችሁ ላይ ትውላላችሁ፤ እሷም ማን እውነተኛ ችግር እንዳለበት ከእናንተ የተሻለ ታውቃለች።

5. ገንዘቡን የሚያንቀሳቅሰውና የሚቆጣጠረው አንድ ሰው አይሁን

ቲም ደንከን በሳን አንቶኒዮ ስፐርስ አምስት ጊዜ የአሜሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ (ኤንቢኤ) ዋንጫ ያነሳ፣ በአስተዋይነቱ የሚታወቅ ተጫዋች ነው። ገና በጀማሪነቱ የቀጠረው የፋይናንስ አማካሪ ቻርልስ ባንክስ ለዓመታት አብሮት ቆየ። አማካሪው ራሱ ጥቅም ባለው የንግድ ድርጅት ውስጥ የደንከንን ገንዘብ አስገባ፣ የብድር ዋስትናም አስፈረመው። ነገሩ የተጋለጠው ደንከን ከባለቤቱ ጋር ሲፋታ ሌሎች ባለሙያዎች ሒሳቡን ስላዩት ነው። ደንከን ያጣው ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ መሆኑን ተናግሯል። አማካሪው ጥፋቱን አምኖ እ.ኤ.አ. በ2017 አራት ዓመት ተፈረደበት።

ዩሴን ቦልት ደግሞ የእኛው የሩጫ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ጃማይካ፣ ኪንግስተን ውስጥ በሚገኝ አንድ የኢንቨስትመንት ድርጅት ገንዘብ ያስቀምጥ ነበር። በጥር 2023 ጠበቆቹ ሒሳቡን ሲያዩ ከ12.7 ሚሊዮን ዶላር በላይ መጥፋቱን፣ የቀረውም 12,000 ዶላር ብቻ መሆኑን አሳወቁ። ቦልት ገንዘቡን ያስቀመጠው በገዛ አገሩ፣ ቢሮውን በሚያውቀው ድርጅት ውስጥ ነበር። አስተውሉ፤ ሁለቱም የተሞኙት ሞኝ ስለሆኑ አይደለም። ሥራቸው ላይ ስለነበሩና ሌላ ዓይን ስላልነበራቸው ነው።

እናንተም ዘንድ ማናጀር፣ አሠልጣኝ፣ ባል ወይም ሚስት፣ አንዳንዴም ሁሉንም ሆኖ የሚሠራ አንድ ሰው ይኖራል። በተለይ በሴት አትሌቶች ዘንድ አሠልጣኙ ባል ይሆናል፣ ባል ማናጀር ይሆናል፣ ማናጀሩ የባንክ ደብተሩን ይይዛል። ፍቅሩን አልጠራጠርም። ሥራው ግን መለየት አለበት። የባንኩ መልእክት በእናንተ ስልክ ይግባ። የባንክ መግለጫ በየሦስት ወሩ በአካል ሄዳችሁ፣ ማህተም ያለበት ውሰዱ። በዓመት አንድ ጊዜ ገንዘቡን ከሚያንቀሳቅሰው ሰው ጋር ዝምድናም ጥቅምም የሌለው የሒሳብ ባለሙያ ይየው። አክሲዮን ወይም ሌላ የካፒታል ገበያ ምክር እሰጣለሁ የሚል ሰው ከመጣ ከኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ እንዳለው አረጋግጡ።

6. ወረቀቶቹ

እዚህ ላይ ረዘም አደርጋለሁ፤ ገንዘቡ የሚጠፋው እዚህ ነውና።

*ስም።* በእናንተ ገንዘብ የተገዛ ነገር ካርታው፣ ሊብሬው፣ የአክሲዮን ሰርተፊኬቱ በእናንተ ስም መሆን አለበት። ከ18 ዓመት በታች ሳላችሁ በወላጅ ወይም በዘመድ ስም የተመዘገበ ነገር ካለ፣ 18 የሞላችሁበት ዓመት ሳያልቅ አዛውሩት። ያኔ ሁሉም ሰው ደስተኛ ነው፤ ዘግይቶ ሲጠየቅ ግን "አላመንሽኝም ማለት ነው?" የሚል ቅሬታ ይመጣል፤ ወይም የፈረመው ሰው ይሞትና ከወራሾቹ ጋር ትጋጠማላችሁ።

*ጋብቻ።* በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ መሠረት በጋብቻ ውስጥ ሮጣችሁ ያገኛችሁት ገቢ የጋራ ነው፤ በአንዳችሁ ስም ብቻ ቢመዘገብም የጋራ እንደሆነ ይገመታል። የጋራ ቤት ለመሸጥ ወይም ለማስያዝም የሁለታችሁ ስምምነት ያስፈልጋል። ክልሎች የራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው የምትኖሩበትን ጠይቁ። ከጋብቻ በፊት ያፈራችሁት ንብረት ካለ፣ የግል መሆኑን የሚገልጽ የጋብቻ ውል ከሠርጉ በፊት ማድረግ ይቻላል። ሽማግሌ ሲላክ ይህን ማንሳት የሚከብድ ይመስላል፤ ግን የሽማግሌዎቹ ሥራ ራሱ ይኸው ነው፣ ጥሎሽ ሲቆጠር የሚያፍር የለም።

*ውክልና።* አትሌት ውጭ አገር ስለሚመላለስ ውክልና መስጠቱ የማይቀር ነው። ልዩነቱን ግን እወቁ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2204 እና 2205 መሠረት ጠቅላላ ውክልና የማስተዳደር ሥራ ብቻ ነው የሚፈቅደው። ቤት ለመሸጥ፣ ለማስያዝ፣ ገንዘብ ኢንቨስት ለማድረግ፣ ስጦታ ለመስጠት ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ችግሩ በተግባር የሚዘጋጀው የውክልና ቅጽ ላይ "እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ እንዲያስይዝ፣ ከባንክ ገንዘብ እንዲያወጣ…" የሚለው ዝርዝር ሁሉ አብሮ ተጽፎ መምጣቱ ነው። ወረፋ ላይ ቆማችሁ "ፈርሚ" ስትባሉ ጠቅላላ የመሰላችሁ ወረቀት የሁሉ ነገር ቁልፍ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ሰነዶች ማረጋገጫ ከመሄዳችሁ ከአንድ ቀን በፊት ረቂቁን ቤት አንብቡት። ለአንድ ጉዳይ አንድ ውክልና ስጡ፤ "የዚህን ቤት ኪራይ እንዲሰበስብ" ይበል፣ የሚያበቃበት ቀንም ይጻፍበት። የማያስፈልጉትን ቃላት አሰርዙ።

*ዋስትና።* ከሁሉም የምፈራው ይህን ነው። ለሌላ ሰው ብድር ዋስ ስትሆኑ ገንዘብ ከኪሳችሁ አይወጣም፤ ስለዚህ ምንም ያደረጋችሁ አይመስላችሁም። በሕጉ ቁጥር 1922 መሠረት ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛ መጠን ውሉ ላይ ካልተጻፈ ዋስትናው አይጸናም፤ ባንኮች ግን ይህን አይረሱም። "በአንድነትና በነጠላ" የሚል ሐረግ ካለበት ደግሞ ባንኩ ተበዳሪውን ትቶ በቀጥታ ወደ እናንተ ሊመጣ ይችላል። የቦስተን ሴልቲክስ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች የነበረው አንትዋን ዎከር በጨዋታ ዘመኑ ከ108 ሚሊዮን ዶላር በላይ አግኝቷል። ቺካጎ ውስጥ ለገባበት የቤት ልማት ብድር በግሉ ፈርሞ ዋስ ሆነ። የቤት ገበያው ሲወድቅ አበዳሪዎቹ ወደ እሱ መጡ፤ እ.ኤ.አ. በ2010 መክሰሩን ሲያሳውቅ ያለው 4.3 ሚሊዮን፣ ዕዳው 12.7 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ዘመድ ዋስ ሁኚኝ ሲላችሁ፣ አቅማችሁ ከፈቀደ የተወሰነ ገንዘብ በስጦታ ስጡት። ኪሳራችሁ ቢያንስ ቁጥሩ ይታወቃል።

*ቼክ።* ጉዞ ላይ ስትሆኑ ሥራ እንዳይቆም ተብሎ ባዶ ቼክ ፈርሞ ትቶ መሄድ የተለመደ ነው። አታድርጉት። ስንቅ የሌለው ቼክ፣ ማለትም ሒሳቡ ውስጥ በቂ ገንዘብ የሌለበት ቼክ መስጠት በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 ያስቀጣል፤ የሚጠየቀውም ፈራሚው ነው። ከውድድር ስትመለሱ ኤርፖርት ላይ አበባ ሳይሆን መጥሪያ ሊጠብቃችሁ ይችላል።

*ሽርክና።* ከጓደኛ ጋር የምትሠሩት ንግድ ካለ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር ይሁን፤ ንግዱ ቢከስር ያዋጣችሁት እንጂ ቤታችሁ አይነካም። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን እንዲህ ዓይነት ማህበር እንዲያቋቁም ስለፈቀደ፣ ለወረቀት ማሟያ ተብሎ ዘመድ ማስገባት ቀርቷል። "በምሥረታ ላይ ነን" ለሚሉ አክሲዮን ማህበሮች ደግሞ ጊዜ ስጧቸው። በዚያው ዓመት ብሔራዊ ባንክ የባንኮችን ዝቅተኛ ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር ሲያሳድገው፣ አክሲዮን ሲሸጡ የነበሩ ብዙ ባንኮች ሳይመሠረቱ ቀርተዋል።

7. ሕንጻ ካማራችሁ

አትሌት ሁሉ ሕንጻ የሚመኘው ኃይሌ ገብረሥላሴን አይቶ ነው። ነገር ግን ጊዜውን ቁጠሩ። ኃይሌ የመጀመሪያውን የዓለም ሻምፒዮና ወርቅ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1993 ሽቱትጋርት ላይ ነው፤ በዚያን ጊዜ ሻምፒዮናው የገንዘብ ሽልማት አልነበረውም፣ አሸናፊዎች መርሴዲስ ነበር የተሸለሙት። የሐዋሳው ሪዞርት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው፤ በመካከል 17 ዓመት አለ። እናንተ ደግሞ በሁለተኛው ዓመታችሁ ሆቴል ልትጀምሩ ነው።

መሬት ወይም ቤት ስትገዙ ከመክፈላችሁ በፊት ከዕዳና እገዳ ነጻ መሆኑን ከሚመለከተው የመሬት ይዞታ ቢሮ ራሳችሁ ሄዳችሁ አጣሩ፤ ደላላው ያመጣውን ወረቀት አትቀበሉ። የሽያጭ ውሉ ውል አዋዋይ ፊት ይፈረም። ግንባታ ከሆነ እስከ ጣሪያው ሳይሆን እስከ ፊኒሺንጉ ያለው ወጪ ተሰልቶ፣ ቢያንስ አንድ ወለል አከራይታችሁ ገቢ ማግኘት የሚያስችላችሁ ገንዘብ እጃችሁ ካልገባ ቁፋሮ አትጀምሩ። ከአራት ፎቅ ጅምር ይልቅ ያለቀ አንድ ፎቅ ኪራይ ያስገባል። ለኮንትራክተር ቅድመ ክፍያ የምትሰጡት ከባንክ ወይም ከመድን ድርጅት የቅድመ ክፍያ ዋስትና ሲያመጣ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ክፍያ በተሠራ ሥራ ልክ፣ የእናንተ መሐንዲስ ለክቶ ሲፈርም ብቻ ይለቀቅ።

መድንን አትርሱ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በተነሳው ሁከት የኃይሌ የሻሸመኔና የዝዋይ ሆቴሎች ተቃጥለዋል። ተራ የእሳት መድን በሁከት የሚደርስን ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ አይሸፍንም፤ የፖለቲካ አመፅና ሽብር ሽፋን ለብቻው ተጨምሮ ይገዛል። ፖሊሲያችሁን ገልጣችሁ "የማይሸፍናቸው" የሚለውን ገጽ መጀመሪያ አንብቡ።

8. አስቀድማችሁ ፈርማችሁ ከሆነ

መጀመሪያ ያሉትን ሰነዶች ሁሉ ቅጂ ሰብስቡ፤ የጎደለውን ከሰነዶች ማረጋገጫ፣ ከባንክና ከመሬት ቢሮ ጠይቁ። ይህን ስታደርጉ ከማንም ጋር አትጣሉ፤ ጠብ ከተጀመረ በኋላ ወረቀት ይጠፋል። ያቺ ልጅ ለአጎቷ ምንም ሳትናገር ሁለት ሳምንት ወረቀት ስትሰበስብ ቆየች። ከዚያ ሽማግሌ ተቀምጦ፣ አጎቷም ሕንጻው በእሷ ገንዘብ መሠራቱን በጽሑፍ አምኖ ስም ለማዛወር ተስማማ። የዋስትናው ጉዳይ እንዲህ አልቀለለም፤ እስካሁን ለባንኩ በየወሩ ትከፍላለች።

ንብረቱ ሊሸጥባችሁ ነው ብላችሁ ከሰጋችሁ በጠበቃ በኩል ከፍርድ ቤት የእግድ ትእዛዝ ጠይቁ። ውክልናን ለመሻር ወደ ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዶ መሻሪያውን መፈረም ይበቃል የሚመስለው ብዙ ነው። አይበቃም። ተወካዩ አሮጌውን ወረቀት ይዞ ባንክ ቢሄድና ባንኩ መሻሩን ባያውቅ ጉዳቱ ወደ እናንተ ነው። ስለዚህ መሻሪያውን በሦስት ኮፒ አድርጋችሁ፣ አንዱን ለተወካዩ በምስክር ፊት ስጡት። አንዱን ሒሳብ ላላችሁበት ባንክ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ በደብዳቤ አስገቡ። ሦስተኛው በእናንተ ይቀመጣል፤ ጀርባው ላይ ግን የባንኩ የገቢ ማህተምና ቀን ሳይመታበት ከቅርንጫፉ አትውጡ።